ብቻውን ስለሚቆም መቺ

በሰቆጣና በዋግ ደጋ የምትኖሩ፣ በሌላም ሥፍራ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖች፤

ስለ ኳስ ጨዋታ በተነሣ ቍጥር የሚወደሰው ሯጩና ጉልበተኛው ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወሳላችሁ የወደድሁት ኳሷ ቆማ ሳለች የሚመታትን ሰው ነው።

በገና ጨዋታ ሩሯን የሚመታት ብዙ ስለ ሆነ፣ የሳተው ሰው በግርግሩ ውስጥ ይሸሸጋል። የፍጹም ቅጣት ምት ግን መሸሸጊያ የለውም። ኳሷ ከግቡ 11 ሜትር ርቃ ትቀመጣለች፤ የግቡ ወርድ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ነው፤ መቺውና በረኛው ብቻ ለብቻ ይተያያሉ። በአውስትራልያና በሰሜን እንግሊዝ የሚወደደው ራግቢ ሊግ የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ሞላላዋን ኳስ በሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ የሚያሳልፍ መቺ አለው። ከሊባኖስ ተሰድዶ አውስትራልያ የገባው ሐዜም ኤል ማስሪ በዚህ ሙያ እጅግ ስሙን አስጠርቷል።

የእኛው መቺ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ፤ አባቱ ኢጣልያዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። የዋግ ሰው እዚህ ላይ ቢቈጣ አይፈረድበትም፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያ ወራሪዎች እጅ አንገታቸው መቀላቱን አገሩ አይረሳምና። ነገር ግን ልጅ አባቱን መርጦ አይወለድም። ሉቺያኖ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቶ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቃ።

በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ጥር 6 ቀን ቱኒዝያ ገና በጠዋቱ ሁለት ግብ አስቆጠረችብን። ያን ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘና ሉቺያኖ ወደ ኳሷ ሄደ። ቢስት ኖሮ ጨዋታው በዚያው ባከተመ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። አገባ፤ ቡድኑም ተነቃቅቶ 4 ለ 2 ረታ።

ጥር 13 ቀን ለፍጻሜው የመጣችው ግብፅ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ነበረች። ባደዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባ፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ባደዊ በማግሥቱ ደቂቃ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረጋት። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመኑ የሚነገረው አጭር ነው። በደርግ ዘመን አገሩን ለቅቆ ወደ ኢጣልያ ተሰደደ፤ የአባቱ አገር ለእርሱ የስደት አገር ሆነ። መስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ። በወንዶች እግር ኳስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ዛሬ ያው የ1954ቱ ነው።