ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመያዝ የባክቴሪያ ኤንዛይም ድርሻ




ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፋብሪካ ጭስ ለይቶ መያዝ አዲስ ጥበብ አይደለም። አሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ ጋዙን አጥብቆ ይይዘዋል። ችግሩ ያለው በማስለቀቁ ላይ ነው። ፈሳሹ የያዘውን እንዲለቅ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሞቅ አለበት፤ ለዚህ የሚነደው ነዳጅም ሌላ ጭስ ይወልዳል።

በአንጻሩ እንደ ፖታሲየም ካርቦኔት ያሉ ፈሳሾች የያዙትን ጋዝ በአነስተኛ ሙቀት ይለቃሉ፤ ነገር ግን ሲቀበሉት እጅግ ዝግተኞች ናቸው። ኤንዛይም የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1933 በደም ውስጥ መኖሩ የታወቀው ይህ ኤንዛይም፣ ፈጣን ከሆኑት ዓይነቶቹ አንዱ ሞለኪውል ሥራውን በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደጋግማል።

ይሁን እንጂ የደም ኤንዛይም የፋብሪካን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ባክቴሪያዎች መለሱ። በፍል ውሃ ከሚኖሩት የሰልፈሪሃይድሮጀኒቢየም ባክቴሪያዎች ሙቀትን የሚቋቋም ኤንዛይም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናትም፣ ከዴሰልፎቪብሪዮ ቩልጋሪስ የተገኘ ኤንዛይም በላቦራቶሪ በተደጋጋሚ እየተለወጠና እየተመረጠ፣ በአሚን ፈሳሽ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት መቋቋሙ ተገለጸ። በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ በሴንት ፌሊሲየን ከተማ ደግሞ በኤንዛይም የሚሠራና በቀን 30 ቶን ጋዝ እንዲይዝ የታቀደ መሣሪያ በወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ተተክሎ፣ ጋዙ ለጎረቤት የአትክልት ማልሚያ የመስታወት ቤት እንዲቀርብ ተደርጓል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ኤንዛይም ኬሚካዊ አጸግብሮቱን ያፋጥናል እንጂ ሚዛኑን አይለውጥም፤ ፈሳሹ በተፈጥሮው ሊይዝ ከሚችለው በላይ አያሲዘውም። መያዝም ማስቀረት ማለት አይደለም። ለአትክልት የተሰጠው ጋዝ አትክልቱ ሲበላ ወደ አየር ይመለሳል፤ በከርሰ ምድር ዓለት ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠው ግን በዚያው ይቀራል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ጋዙ ከድንጋዩ ከራሱ ስለሚወጣ፣ ነዳጅ በመለወጥ ብቻ አይወገድም። እንግዲህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ግዙ ስንባል፣ የኤንዛይሙን ፍጥነት ከማድነቃችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ጋዙን ለማስለቀቅ ምን ያህል ሙቀት ይፈጃል? የተያዘውስ ወዴት ይሄዳል? ለእነዚህ በቁጥር የተደገፈ መልስ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው።