በስሜን ተራሮች የብዙ ቀን ጉዞ



ወደ ራስ ደጀን ለመውጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የጫፉን ከፍታ፣ ይኸውም 4,533 ሜትርን ነው። ነገር ግን በሙያችን እንደምናውቀው የሁለት ነጥቦች የከፍታ ልዩነት ብቻውን የሥራውን መጠን አያሳይም። ከጨነቅ ካምፕ፣ ከ3,600 ሜትር ገደማ የተነሣ መንገደኛ በቧሂት በኩል እስከ 4,200 ሜትር ይወጣል፤ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና ይወጣል። የወረደው ቁልቁለት በመልሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ጉልበት ብቻም አይበቃም። በጫፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ኑሮ ሰውነትን በመጠኑ ያለማምዳል፤ ሆኖም 2,400 ሜትር ላይ መኖር ለ4,500 ሜትር ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ቢኖር ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው በይሉኝታ ሕመሙን አይደብቅ፤ ከፍ ብሎም አይደር። ዐርፎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ይውረድ፤ ብቻውንም አይላክ።

ድልድይ ስንነድፍ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ እንዲሸከም እናደርገዋለን። በተራራ ጉዞ ይህን ትርፍ አቅም የሚሰጠን ትርፍ ቀን ነው። እንግዲህ በዕቅዳችሁ አንድ ትርፍ ቀን አስገቡ፤ የጉዞውንም ፍጥነት በቡድኑ ደካማ ሰው ልክ ወስኑ። ጫፉ ሳይደረስ ሁሉም በደኅና የተመለሱበት ጉዞ ከሽፏል አይባልም።