የክረምቱ ማዕበል ሲቃረብ ቤታችንን እንዴት እንጠብቅ?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

  በቂርያት ጋትና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይም ወደ አገር ከገባችሁ ገና አንድ ወይም ሁለት ክረምት ብቻ ላሳለፋችሁ ቤተሰቦች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ክረምቱ ማዕበል ነው። ሰሞኑን የዕብራይስጡ ዜና «ስዓራ» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ነው። ስዓራ ማለት ማዕበል ማለት ነው። በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤት ወደ ቤት ስዘዋወር እናቶች «እዚህም በረዶ ይወርዳል ወይ? ልጆቹን ምን እናልብሳቸው?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም እሰጥበታለሁ። ይሁን እንጂ በማዕበል ቀን በእኛ ከተማ ከበረዶው ይልቅ የሚያስፈሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በመንገድ ላይ የሚወርደው ውኃ ነው። ሁለተኛው በተዘጋ ቤት ውስጥ የምናነደው እሳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃላቱን እንለይ፤ ዜናውን ለመረዳት ይጠቅመናልና። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ ባብዛኛው በረዶ እንለዋለን። ዕብራይስጡ ግን ይለየዋል። በወገራና በደምቢያ ማሳ ላይ እንደ ጠጠር እየወረደ እህል የሚያረግፈው «ባራድ» ይባላል፤ ቃሉም ከኛው በረዶ ጋር ዘመድ ነው። እንደ ባዘቶ ጥጥ ረጋ ብሎ የሚወርደው፣ የሰሜን ተራራ ሰው አመዳይ የሚለው «ሼሌግ» ነው። ረግቶ የጠጠረው ውኃ ደግሞ «ኬራሕ» ይባላል። ጎርፍ «ሺታፎን» ነው። እነዚህን አራት ቃላት የያዘ ሰው ልጁን ሳያስተረጉም የዜናውን ፍሬ ነገር ያገኛል።

ሌላ የሚያምታታን ቃል ደግሞ ክረምት ራሱ ነው። በአገር ቤት ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ማዕበሉ የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በኩል ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቆጵሮስ ደሴት አካባቢ ይጠነክርና ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ይገባል። ያ አየር በጣም ሲቀዘቅዝ ከፍታ ባለው ቦታ ሼሌግ ይሆናል። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አንዳንድ ዓመት በረዶ ትለብሳለች። ቂርያት ጋት ግን ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ስለሆነች በአብዛኛው የሚደርሳት ዝናብ፣ ነፋስና ባራድ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የገቡ ወገኖቻችን የመጀመሪያ ክረምታቸው የ1991/92 ክረምት ነበር። በዚያ ክረምት ኢየሩሳሌም ላይ ከባድ በረዶ ወርዶ ነበርና ሽማግሌዎቹን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

እንግዲህ ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ያለው ሰው በማዕበል ቀን ጉዞውን ያዘግይ። በዲሴምበር 2013 በወረደው በረዶ ወደ ከተማዋ የሚወስዱት ዋና ዋና መንገዶች ተዘግተው፣ ብዙ ሰው በመኪናው ውስጥ እንደታገተ ለሰዓታት ቆየ። ወታደሮችና ፖሊሶች እየደረሱ ያወጧቸው ሰዎች በከተማዋ የስብሰባ አዳራሽ አደሩ። ብዙ ሺህ ቤቶችም ለቀናት መብራት አጡ። በዚያው ሰንበት ሰውን ለማዳን ሲባል ባቡር ከኢየሩሳሌም እንዲነሳ ተደርጓል። ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። ሰንበትን አጥብቀን የምናከብር ሕዝብ ነንና፣ ሰው ሕይወቱ በአደጋ ላይ ሲሆን ስልክ ማንሳት እንደሚገባ ልባችን አምኖ እንዲቀበለው ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ። ከኬብሮን ተራሮች የሚነሳው ናሃል ላኺሽ በከተማችን አቅራቢያ አልፎ በአሽዶድ ወደ ባሕር ይገባል። በበጋ ስታዩት ደረቅ ነው፤ ልጅም ከብትም ይሻገረዋል። ነገር ግን ዝናቡ የሚወርደው ተራራው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ከላይ ሊደርስ ይችላል። አባይንና ተከዜን የምታውቁ አባቶች ወንዝ ሲሞላ አትሻገሩም፤ እዚህ ግን ደረቁ ቦይ ወንዝ አይመስልምና ያታልላል። በአፕሪል 2018 ከሙት ባሕር ደቡብ በናሃል ጻፊት በእግር ሲጓዙ የነበሩ 10 ወጣቶች በድንገተኛ ጎርፍ ሞተዋል። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ቴል አቪቭ ውስጥ ሁለት ወጣቶች በአሳንሰር ወደ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ሲወርዱ፣ ውኃ ሞልቶት ስለነበረ እዚያው ሰጥመዋል። ስለሆነም በከባድ ዝናብ ጊዜ በአሳንሰር ወደ ምድር ቤት አትውረዱ። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወራጅ ውኃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብዙ መኪና ያንሳፍፋል። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካያችሁም ራቁ፤ በውኃ ውስጥ ከሆነ ይበልጥ ራቁ።

ቀጥሎ የምናገረውን በተለይ እናቶች አድምጡኝ።

በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ሀገር በረዶና ሲወርድ ውኃ የሆነ፣ መሬት ሲነካ ግን የሚረጋ ዝናብ ጣለ። እንዲህ ያለው ዝናብ የሚመጣው ከላይ ሞቅ ያለ አየር፣ ከታች ደግሞ በጣም የቀዘቀዘ መሬት ሲሆን ነው፤ ጠብታው በወደቀበት ሽቦና መንገድ ላይ ይጠጥራል። ቴክሳስ እንደኛው ከተማ ሙቀት የለመደ አገር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት መብራት አጣ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በቆጠረው መሠረት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነዚህም መካከል በሂዩስተን ከተማ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ትንሽ ልጇ ነበሩ። ቤተሰቡ እንዲሞቀው ብሎ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አስነስቶ ነበር። እነርሱን የገደላቸው ብርዱ አልነበረም፤ ከመኪናው የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ አየር ነው። ሽታም ቀለምም የለውም።

ይኸው አየር ከከሰልም ይወጣል። «ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረታችን በአገር ቤት እውነት ነበር። ጎጆው ይተነፍሳል፤ በሣሩም በግድግዳውም በበሩ ሥርም አየር ይገባል፣ ይወጣል። እናት ምድጃ አንድዳ ልጆቿን ዙሪያውን አስተኝታ ማልዳ ትነሳለች። እዚህ ያለው ቤት ግን ስሚንቶ ነው፤ በሩና መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። በተለይም ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ የሚሠራው ማማድ፣ አየር እንዳያስገባ ሆን ተብሎ የታነጸ ክፍል ነው። ሞቅ ስለሚል በብርድ ቀን ቤተሰቡ እዚያ ይሰበሰባል። ከሰል ወደ ማማድ ማስገባት ማለት እንግዲህ ጭሱን መውጫ ማሳጣት ነው።

ብዙ እናቶች «እኔ በረንዳ ላይ በደንብ ካፋምኩት በኋላ ነው የማስገባው፣ ጭስ የለውም» ይሉኛል። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም። ደምቆ የቀላ ፍም ሁሉ ይህን አየር ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቱ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። በሩን ክፈቱ፣ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፣ 101 ደውሉ።

ቡናችሁን ተዉ ማለቴ አይደለም። ቡናው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል። ከሰል የግድ ከሆነ ከደጅ ይሁን፤ ፍሙም እዚያው ይደር። ለዕጣን የምትወስዱት ጥቂት ፍም ቢሆንም መስኮት ይከፈት፣ ሲያበቃም ይውጣ። የጋዝ ምድጃ ለማብሰያ እንጂ ለክፍል ማሞቂያ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ። ልብስ አይሰጣበት። በማከፋፈያ ሽቦ ሳይሆን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ ስትተኙም ይጥፋ።

ከሰሉ ቤት የሚገባው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። የሃሽማል ሂሳብ ያስፈራል። እማማና አባባ ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ማዝጋኑ ተሸፍኖ፣ እነርሱም ጋቢ ደራርበው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ይህንን ስሙኝ። የእርጅና አበልና በላዩ የገቢ ማሟያ የሚያገኙ አረጋውያን ቢቱዋህ ለኡሚ በዓመት አንድ ጊዜ የማሞቂያ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ «ማዓናክ ሂሙም» ይባላል። እነዚሁ አረጋውያን በወር እስከ 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ለሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ የግማሽ ዋጋ ቅናሽ አላቸው። ይህ ምጽዋት ሳይሆን ሕግ የሰጣቸው መብት ነው። ደብዳቤውን ያልተረዳችሁት ካለ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ይዛችሁ ኑ። ሬቫሃ የሚለውን ቃል የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማሞቂያ ስለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ግን አይኑር።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው በፈረቃ ለምትሠሩ ወላጆችም የምለው አለኝ። ከኢንቴል ጀምሮ እስከ ትናንሾቹ ማሸጊያዎች ድረስ ብዙ እናትና አባት የሌሊት ፈረቃ ይገባል፤ አንዳንዱም በካብላን በኩል ስለተቀጠረ ሥራውን አጣለሁ ብሎ ይሰጋል። ማዕበል ሲነገር የፈረቃ ኃላፊያችሁን ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። የሠራተኛ ማመላለሻው በጎርፍ ምክንያት ቢቀር በስልክ ንገሩ፤ መልእክትም ጽፋችሁ አስቀምጡ። ልጆቹን በተመለከተ ሕጉ ከ6 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ተገቢ ጠባቂ ሳያደርጉ መተው ይከለክላል። የ10 ዓመት ልጅም ቢሆን መብራት በጠፋበት ሌሊት ታናናሾቹን ለማሞቅ እሳት ሊለኩስ ይችላል። በአገር ቤት ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ ነበር። እዚህ በሩ ዝግ ነውና መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት ከአንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ ጋር ተነጋገሩ፤ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ይታወቅ። ትምህርት ይኑር አይኑርም ከልጁ አፍ ብቻ ሳይሆን ከአስተማሪው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ።

በመጨረሻም እነዚህን ቁጥሮች ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፏቸው። ድንገተኛ ሕመም 101፣ እሳት አደጋ 102፣ ፖሊስ 100፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያ 103፣ ማዘጋጃ ቤት 106 ነው። ዕብራይስጥ ቢያጥራችሁ «አማሪት» በሉ፤ ቀጥሎም የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ተናገሩ። አድራሻውን ልጆች በቃላቸው ይያዙት። ስልካችሁን ሙሉ፣ ባትሪና ጥቂት ዳቦ፣ ለሕፃናትም ወተት አስቀምጡ። በደረጃችሁ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ካሉ ማታ አንኳኩላቸው።

ለልጆቹ ልብስ ደግሞ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርቡላቸው፤ እግራቸው አይርጠብ። ኢየሩሳሌም ሼሌግ ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው፤ ደስ ይላቸዋል።