ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ፦ አደራውን ማን ይቀበል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቀረበ ንግግር)

የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ነው፤ የምሳውም ሽታ እየመጣ ነው፤ በቀጥታ ልግባ።

በ1987 ዓ.ም. ሚኒስትሪ አልፌ ከፋርጣ ገጠር ደብረ ታቦር፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ልገባ ስመጣ አባቴ ስንቄን በአህያ ጭኖ ነው ያመጣኝ። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ከሁለት ልጆች ጋር የምከራየውን ክፍል ገብቶ አየ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ሞከረ፤ ከዚያ አከራይዋን «እትዬ፣ ልጄን አደራ፤ ከእግዜር በታች ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አላቸው። ከትምህርት ቤት ከዘገየሁ «የት ቆየሽ?» የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ልጅ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ግን ተቀባይ እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ነርስ ነኝ። ፈረቃ ሲለወጥ አልጋ በአልጋ እየዞርን በሽተኛውን እንረካከባለን። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው፤ አንዷ «ነግሬያታለሁ» ትላለች፣ ሌላዋ «አልሰማሁም»። ይህን ለዓመታት እያወቅሁ የራሴን ልጅ ግን ያለ ርክክብ ለቀቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ልጄ ስምንተኛ ክፍል እያለ፣ በክረምቱ ብርድ መካከል፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ «እማዬ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። የዘጠነኛ ክፍል የትምህርት ምርጫው ወረቀት ነበር። መስከረም ላይ ሳየው አልጀብራ አንድን እንደገና ሊወስድ ተመዝግቧል። ስምንተኛ ላይ ወስዶ አልፎት ነበር፤ ውጤቱ ግን መካከለኛ ስለነበር አንድ ሰው «ይድገመው» ብሎ ጽፏል፤ እኔም አጽድቄዋለሁ። ልጁን ስጠይቀው «ጓደኞቼ እዚያ ናቸው» አለኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሌላ ምን ይበል?

ምን ችግር አለው የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ሒሳብ እንደ መሰላል ነው፤ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። ዘጠነኛ ላይ ከታችኛው እርከን የጀመረ ልጅ በዓመት አንድ እርከን ቢወጣ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ካልኩለስ አይደርስም። ኢንጂነሪንግ እማራለሁ ለሚል ልጅ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። የእኔው ልጅ አሥረኛ ላይ ሁለት የሒሳብ ኮርስ ባንድ ዓመት ወስዶ ደረሰበት። ያን ዓመት ግን እሱም እኔም እንቅልፍ አልነበረንም፤ እግር ኳሱንም ተወ። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መሸጋገር የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ቦርሳ ሲገዛ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ፣ የምርጫው ወረቀት ሲመጣ ነው። ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ቀጠሮ ጠይቁና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ልጄ በዚህ መንገድ ቢሄድ አሥራ ሁለተኛ ላይ የት ይደርሳል?» እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያዎቻቸውን በአማርኛ ጭምር ነው የሚያወጡት። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንዲት እናት የልጇ ውጤት ላይ «ኢ» አይታ ምን ማለት ነው ብትለው «ኤክሰለንት» አላት። በሞንጎመሪ ካውንቲ «ኢ» የወደቀ ማለት ነው። (ሳቅ)

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት አለ። ዘጠነኛ ክፍልን በቂ ክሬዲት ይዘው፣ በዋና ዋና ትምህርቶችም ከአንድ ሴሚስተር በላይ ሳይወድቁ የጨረሱ ልጆች፣ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። የዘጠነኛ ክፍል አያያዝ ከስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤትም፣ ከቤተሰብ ሁኔታም በላይ የልጁን መጨረሻ ያመለክታል ማለት ነው። «ገና ዘጠነኛ ነው፣ ይደርስበታል» የምንለው ነገር እዚህ አገር አይሠራም። ኮሌጅ የሚጠይቀው ውጤት ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

አሁን ስለ አካባቢያችን። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ለመመረቅ ከትምህርቱ ሌላ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ላይ በጭንቀት ከሚሯሯጡ ከአሁኑ ይጀምሩት። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ መደበኛው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት፣ ከፍ ያለው ደግሞ 26 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ልጃችሁ የትኛውን እንደያዘ እወቁ። የአሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙ የተለወጠው፣ የድሮው ቲ.ሲ. ዊሊያምስ፤ ከአራት ሺህ በላይ ተማሪ ያለበት። ከትንሽ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ እዚያ ውስጥ መጥፋቱን ማንም ላያውቅ ይችላል። ፖስታችሁ ላይ «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል ብቻ ደግሞ ልጃችሁ እዚያ ይገባል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ያላችሁት ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቤት ስትከራዩም ስትገዙም ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንደ ነርስ ሁለት ነገር ልጨምር። ልጁ ስፖርት ከፈለገ የመኸሩ ወቅት ልምምድ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በነሐሴ ነው የሚጀመረው፤ ያለ ሐኪም የምርመራ ወረቀት ሜዳ አይገባም። ቀጠሮውን በሰኔ ያዙ። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። በሞንጎመሪ ሁለተኛ ደረጃ የሚጀመረው ከጠዋቱ 1፡45 ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር 7፡45 ማለቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ይህን ማስከበር አልቻልኩም፤ የባለቤቴ እናት ናቸው ያስከበሩልኝ፤ ስልኩን መሶብ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት።

ወደ ማኅበራችን ልምጣ። እኛ የአደራ ተቀባይ እጥረት የለብንም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቢይዙ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ስድስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ አንድ ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ሳምንት አሌክሳንድሪያ። ልጆቹ የምርጫ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወላጆች በሌላው ክፍል ካውንስለር ምን እንደሚጠየቅ ይለማመዳሉ። የታላላቆቹ ሰዓት በአገልግሎት እንዲቆጠርላቸው ማኅበሩ አስቀድሞ ማመልከት አለበት፤ ይህን ጸሐፊያችን እንዲይዙት እጠይቃለሁ።

አገር ቤት ላሉትም እንዲሁ። እስካሁን ደብተርና ዩኒፎርም ልከናል፤ ደግ ነው። ግን ከገጠር ወደ ከተማ ዘጠነኛ ልትገባ የመጣች ልጅ የሚያስቸግራት ደብተር ብቻ አይደለም፤ የምታድርበት ቤትና «የት ቆየሽ?» የሚላት ሰው ነው። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የቆዩ ልጆች አሁን ስምንተኛን የሚጨርሱት ዕድሜያቸው ገፍቶ ነው፤ «ትዳር ይሻላታል» የሚለው ቃልም ቀድሞ ይደርሳል። ትምህርቱ ደግሞ ዘጠነኛ ላይ በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። ከዘንድሮው በጀት የተወሰነው ለቤት ኪራይና ልጆቹን ለሚጠብቁ ሁለት ሦስት እናቶች አበል እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ። ማን እንደሚሆኑ እዚያ ያሉት ኮሚቴዎቻችን ይምረጡ፤ እኛ ከዚህ አንምረጥ።

የመመዝገቢያው ወረቀት ቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በግራ በኩል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ በቀኝ በኩል ልጅ የምትቀበሉ ስማችሁን ጻፉ። ልጄ እዚያው ቆሟል፤ የሒሳቡን ነገር እሱን ጠይቁት፤ ከእኔ በተሻለ ይነግራችኋል።