«ቼ በለው» እና የተቆለፈው ኪቦርድ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ጊዜያችሁን ብዙ አልሻማም። ስለ አንድ ሸክላ ጥቂት ላጫውታችሁና ወደ ጉዳያችን እመለሳለሁ።

ፈረስ የጋለበ ሁሉ «ቼ!» ማለትን ያውቃል። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋልያስ ባንድን እየመራ እ.ኤ.አ. በ1977 ያስቀረጸውን ሸክላ «ቼ በለው» አለው። ፊት የሚቆም ድምፃዊ የለውም። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ቃል እንወዳለን፤ አዝማሪው ግጥም ካልጣለ መሰንቆው ብቻውን አያጠግበንም። በዚያ ሸክላ ግን ዘፋኙ የሚይዘውን ዜማ ኦርጋኑ ይዞት ይሄዳል፤ ቃል አጣሁ አያሰኝም።

ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነበር። ባንዱ የሚጫወተው አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ነው፤ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ጭፈራው እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር።

ኃይሉ መሪ ነኝ ብሎ ሁሉን ለብቻው አልያዘም። በሸክላው ውስጥ የምትገኘው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ናት፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ገብቶበታል። መሪ ማለት ለሌላው ቦታ የሚለቅ ነው።

ኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉም እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን አካባቢ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አልለየም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 ለብቻው የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ፤ ያኔ ዕድሜው ከሰባ አልፏል።

ወገኖቼ፤ ሰውየው በታክሲ ውስጥ ያላስቀመጠውን እኛ በዕቃ ቤት ቆልፈንበታል። የማኅበራችን ኪቦርድ ማዳበሪያ ተሸፍኖ አቧራ ይጠጣል። «ልጆች ይሰብሩታል» እንላለን። «አዝማሪ ልታደርጉብን ነው ወይ?» ያለም አለ። እንዴ! አዝማሪ በጎንደር ምድር ስድብ ነው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በዕቃ ቤቱ መስኮት ስታጮልቅ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ድምፅ አለው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ፤ ከተገዛ ጀምሮ ሲነካ አልሰማሁማ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ቢሰበር ይጠገናል፤ የልጅ ጉጉት ግን አንዴ ከበረደ ማን ይጠግነዋል?