የቁልፉ ምልክትና የፊደሉ ቁጥር
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



የንግግሬ መነሻ አየር ጤና በሚገኘው ቤቴ አንድ ማታ የደረሰብኝ ስሕተት ነው። የእኅቴ ልጅ ከጀርመን አዲስ ላፕቶፕ አምጥቶልኝ ነበርና ሊኑክስን ልሞክርበት ተነሣሁ። ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት በፍላሽ አዘጋጅቼ ኮምፒዩተሩን ከዚያው አስነሣሁት። በዚህ መንገድ ሲሞከር በዲስኩ ላይ ያለው ሥራ አይነካም። ድምፁም፣ ዋይፋዩም ያለ ችግር ስለ ሠሩ ወዲያው ጫንሁት። የቁልፍ ሰሌዳውን ዓይነት በተጠየቅሁ ጊዜ ግን ሳላስተውል የአሜሪካ የሚለውን ተቀብዬ አለፍሁ።

ከዚያ የአማርኛ መጻፊያውን ጨምሬ «ዘመን» ብል «የመን» የሚል ወጣ። ነገሩ የሚያስገርም አልነበረም፤ በጀርመን ሰሌዳ ዜድና ዋይ የተባሉት የላቲን ፊደሎች ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸሩ ቦታ ተለዋውጠዋል። እኔ የተጠቀምሁበት፣ አማርኛን በላቲን ቁልፍ የሚያስጽፈው ዘዴ ደግሞ ለ«ዘ» ዜድን፣ ለ«የ» ዋይን ይጠብቃል። ቁልፍ ሲመታ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚደርሰው የቦታው ቁጥር ብቻ ነው፤ በላዩ የታተመው ምልክት ለዓይን እንጂ ለኮምፒዩተሩ ትርጉም የለውም። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው በውስጡ የተመረጠው ሠንጠረዥ ነው።

ሰሌዳውን ወደ ጀርመን ባስተካክልም በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ አላስገባ አለኝ። የይለፍ ቃሌ ዜድ ነበረበት፤ በተሳሳተው ሠንጠረዥ ስለ ተመዘገበ ዋይ ሆኖ ተቀምጧል። በዜድ ፈንታ ዋይን ብመታ ተከፈተ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ይህ ችግር ለፊደላችን አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት በደከሙ ጊዜ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ማስተናገድ ነበረባቸው። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱን ሠንጠረዥ አወጣ፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ሆነ። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ፤ በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም ለፊደላችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ። «ሀ» 4608፣ «ዘ» 4824፣ «የ» 4840 ሆኑ።

የእኔ ስሕተት በደቂቃዎች ታረመ። በየመሥሪያ ቤቱ በቀድሞዎቹ መጻፊያዎች የተቀመጡት ጥናቶችና ቃለ ጉባኤዎች ግን የተጻፉበት ፕሮግራም ሲጠፋ ከእርሱ ጋር ንባባቸው ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት እነዚህን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ፤ ከለወጥንም በኋላ ከታተመው ቅጂ ጋር በዓይናችን እናመሳክር። ሊኑክስን መሞከር የሚሻ ባልደረባም ሰሌዳውን አስቀድሞ ይምረጥ፤ የይለፍ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ዜድንና ዋይን መትቶ ይይ።