የዘር አሣ



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አሣ ነው። «ደባርቅና ዳባት ተቀምጦ ስለ አሣ ማውራት ምን ይባላል? የእኛ አገር የገብስና የበግ አገር አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ብዙዎቻችን አሣ የምናየው ጎንደር ስንወርድ፣ ያውም ተጠብሶ ነው።

ነገር ግን ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ውሃ በዛሪማና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ተከዜ ይገባል። ከጎንደር በስተሰሜን ካለው ደጋ የሚነሣው መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ከላይ ያለ ሰው የሚሠራው ሥራ ከታች ላለው አሣ ይደርሰዋል። ከታች ያለው አሣም በክረምት ሽቅብ ይወጣል። ነገራችን ይኸው ነው።

ጎርጎራ የሄድን ጊዜ

አንድ ዓመት በመጋቢት ወር፣ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ከዳባት ወደ ጎርጎራ ወረድን። ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳር ያለች ከተማ ናት። ሁለት ቤተሰብ ነበርን። ልጆቻችንም አብረውን ነበሩ። የዘመዳችን ጎረቤት አሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። «እናንተ ደገኞች፣ መብላት እንጂ ማጥመድ የት ታውቃላችሁ!» ብለው ሳቁብን። በማግሥቱ ማለዳ ሁላችንንም ይዘውን ወረዱ።

ታንኳቸው ከደንገል የተሠራ ነው። ልጆቹን ግን ታንኳ ላይ አላሳፈሩም። «ልጅ ከዳር ሆኖ ያጠምዳል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ እኔም ሳይነሣ እመለሳለሁ» አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ክርና መንጠቆ ሰጡ። መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይደረጋል። ክሩ ውሃ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ልጆቹ ዝም ማለት አቅቷቸው ስንት ጊዜ ተቆጧቸው!

በጣና ሰው ለምግብ የሚያጠምዳቸው ዋና ዋና አሣዎች ሦስት ናቸው። ቀረሶ ጎኑ ሰፋ ያለ ነው። አምባዛ ጢም አለው፤ ቅርፊት ግን የለውም። ነጭ አሣ ቅርፊቱ ፀሐይ ሲነካው ያበራል።

ከልጆቻችን አንዷ አንድ ስንዝር የማይሞላ ነጭ አሣ ያዘች። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሽማግሌው እጃቸውን በውሃ አርሰው መንጠቆውን ቀስ ብለው አወጡና አሣውን መለሱት። ልጅቱ አለቀሰች። አባቷም «አባቴ፣ የተገኘ ሲሳይ እንዴት ይመለሳል?» አላቸው።

«ልጄ፣ አንተ ገበሬ አይደለህም? እህሉ ሳያፈራ ታጭዳለህ? የዘር እህልህንስ ትበላለህ?» ብለው መለሱለት። አባትየው ዝም አለ። ዝም ያለበትን ምክንያት እኛ እናውቃለን።

ነጭ አሣ የሚዘራው መቼ ነው?

ሽማግሌው ያስረዱን እንዲህ ነው። ነጭ አሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የተማሩ ሰዎች አጥንተው በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ አሣ ዓይነቶችን ለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዝ ሲሞላ፣ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ብዙዎቹ የሚወጡት በነሐሴና በመስከረም ነው። ንጹሕ ውሃ የሚሮጥበት፣ ጠጠር ያለበት ቦታ ሲደርሱ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጫጩቶቹ ወንዝ ውስጥ ቆይተው ጠንከር ሲሉ ይወርዳሉ። አድገው እንቁላል ለመጣል ደግሞ ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ አስቡት። በነሐሴ ወንዝ ውስጥ የሚገኘው አሣ ሆዱ እንቁላል የሞላ ነው። በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ለመያዝ ቀላል ነው። እርሱን መጨረስ ጎተራ ሰብሮ ዘር እንደ መብላት ነው።

የእኛው ጥፋት

አሁን እውነቱን እንናገር። እኛም አጥፍተናል። በክረምት ወደ ቆላው ወንዝ እየወረድን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ውሃ ላይ በትነናል። ብርብራ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሣው አየር መጠቀም ያቅተዋል። ታፍኖ ይንሳፈፋል። እኛ ትልቅ ትልቁን ለቀምን። ትንንሹ ግን ለማንም ሳይሆን ነጭ ሆኖ እየተንሳፈፈ ሄደ። በዚያ ቀን ሙቀጫውን የያዘው ያ በጎርጎራ ዝም ያለው አባት ነበር።

ለምን አደረግነው? ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። የራበው ልጅ ያለው ሰው ወንዝ ውስጥ ምግብ እያየ ማለፍ ይከብደዋል። ይህን አንክድም። ግን የዚያን ዓመት አንድ ቀን በላን። በተከታዩ ክረምት እዚያው ቦታ ስንወርድ ያገኘነው ጥቂት ነው። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ» እንደ ተባለው ሆነብን።

ሌላው አገር ምን ሆነ?

በጣና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጣው ነጭ አሣ ከአራት ሦስቱ እጅ ያህል እንደ ቀነሰ አጥኚዎች አረጋግጠዋል። ዋናው ምክንያት አሣው ለእንቁላል ሲሰበሰብ መጠመዱ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አረም በሐይቁ ዳር ገብቷል።

ፊሊፒንስ በምትባል ሩቅ አገር ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ ብዙ የአሣ ዓይነቶች ነበሩት። ከሌላ ቦታ የመጣ አሣ ተጨመረበት፤ ያለ ልክም ተጠመደ። በ2013 ዓ.ም. ዐሥራ አምስቱ ዓይነቶች ፈጽሞ መጥፋታቸው ተነገረ። የጠፋ ዘር በገንዘብ አይገዛም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ ወንዝ ውስጥ አንጨምር። ያን ውሃ ከታች ሰውና ከብት ይጠጡታል። በመርዝ ማጥመድ በሕግም የተከለከለ ነው። በ1995 ዓ.ም. የአሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል።

2. ከሐምሌ እስከ መስከረም ሽቅብ የሚወጣውን አሣ እንተወው። ማጥመድ በበጋ ይሁን።

3. በመንጠቆ እንጠቀም። መረብ ከሆነም ዓይኑ ሰፊ ይሁን። ትንሹ አልፎ ይሂድ።

4. በማሳችን ላይ እርከን እንሥራ። በጎርፍ የሚሄደው አፈራችን ጠጠሩን በደለል ይሸፍነዋል። እርከን ለገብሳችን ይጠቅማል፤ ለአሣውም እንቁላል ይጠቅማል።

5. የተያዘውን አሣ ቶሎ ሆድ ዕቃውን አውጥተን እንጠብ። አሣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይበላሻል። ጥሬውን አንብላ፤ ደህና አድርገን እናብስለው። የተረፈውን በጨው አሽተን ቋንጣ ብናደርገው ለክፉ ቀን ይሆናል።

ከጎርጎራ በተመለስንበት ዓመት፣ በነሐሴ፣ ጎረቤቶች «ወንዝ እንውረድ» ብለው ያን አባት ጠሩት። «ሙቀጫዬን ለገብስ ነው የያዝኩት» አላቸው። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አድጋ የራሷን ልጆች ይዛ ሐይቁ ዳር ትወርድ ይሆናል። መንጠቆዋን ስትጥል የሚነክስ አሣ እንዲኖር ዛሬ ዘሩን እንተውላት።

ጥያቄዎች

1. ነጭ አሣ ወደ ወንዝ የሚወጣው በየትኞቹ ወራት ነው? ለምን?
2. ብርብራ በአሣና በሰው ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. በሠፈራችሁ ካለው ወንዝ ዱሮ ምን ይገኝ ነበር? ዛሬስ? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ተወያዩበት።